ከቦሌ እስከ አዘዞ፣ በወረታ ሰማይ

ወደ ጎንደር የሚበር ሰው በግራ በኩል፣ በመስኮቱ ጥግ ይቀመጥ። ከቦሌ እስከ አዘዞው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ቢሰመር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መስመሩም የወረታን ከተማ ታክኮ ያልፋል። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስጉዘው፣ የዓባይን በረሃ የሚያስወርድና የሚያስወጣው መንገድ በአየር አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ከዚያች ሰዓት ውስጥ ከሁሉ የምትልቀው የመጨረሻዋ ሩብ ናት። በግራ ጣና እንደተወለወለ ብር ተንጣልሎ ይታያል፤ በሐይቁና በወረታ መካከል የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ያመጡትን ውሃ እያንቆረቆሩ በሜዳው ላይ ይጠማዘዛሉ። በጥቅምት መጨረሻ ሩዙ ገሚሱ አረንጓዴ፣ ገሚሱ ወርቅማ ነው፤ ጥበበኛ እጅ ያቀለመው ጥለት ይመስላል። በጥቂት ደቂቃዎች ከዓይን መሰወሩ ያስቆጫል።

ይህ ወርቅማ ሰብል ራሱ የሩቅ አገር መንገደኛ ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ በተባሉት የገበሬ ማኅበራት ሩዝን አስተዋወቁ። ከፒዮንግያንግ እስከ ፎገራ በቀጥታ መስመር 9000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ የሚተኛበት ጥቁር ዋልካ መሬት ለሌላ እህል አይመችም ነበር፤ ለሩዝ ግን ውሃው ሲሳይ ሆነለት። ዛሬም በሰፊው ከሚዘሩት ዝርያዎች አንዱ ኤክስ-ጅግና ይባላል፤ ከሁለቱ የመጀመሪያ ማኅበራት የአንዱ ስም በዘሩ ላይ ቀርቷል።

እኔ ግን ሜዳውን ከሰማይ ብቻ አይቶ መመለስ አላስቻለኝም። ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ተጉዤ፣ በሐሙሲት በኩል፣ ጎንደርና ደብረ ታቦር መንገድ የሚለያዩባት ወረታ ገባሁ። ከተማዋ የመፈልፈያ ማሽኖች ድምፅ የማይለያት የሩዝ ከተማ ናት። በአንዱ መፈልፈያ ደጃፍ ገለባው በፀሐይ ብርሃን ውስጥ እንደ ደቃቅ ወርቅ ይበናል፤ ከሥር የሚወርደው ፍሬ አሁንም ሙቀቱ አልለቀቀውም፤ እፍኝ ሙሉ ስይዘው ከመዳፌ እንደ ዶቃ ተንሸራተተ። ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ የሚጋገረው እንጀራ ነጣ ያለ፣ ዓይኑ የደረሰ፣ ለዓይንም ለጣትም የሚለሰልስ ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም፣ ጥቁርና ነጭ መልኳን ለብሳ፣ የሩዝ ጭድ ታመነዥካለች።

ማሳው ዳር ያገኘኋቸው እናት አንድ ዘለላ ቀጥፈው ፍሬውን በጥርሳቸው ሰበሩት። በዚያው ቅጽበት ከበላያችን ወደ ጎንደር የሚያመራ አውሮፕላን ድምፁን ዝቅ እያደረገ አለፈ። እሳቸው ቀና አላሉም። የተሰበረውን ፍሬ በመዳፋቸው አሳዩኝና፣ «ደርሷል፣ ልጄ» አሉኝ።