አሮጌው ዴስክቶፕ አልነሳም ሲል

ባሕር ዳር ውስጥ በፔዳ ወይም በፖሊ አካባቢ ወዳሉት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ጎራ ቢሉ፣ ጠረጴዛ ሥር አቧራ የለበሰ አሮጌ ዴስክቶፕ አያጡም። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ሲጻፍበት የኖረ ነው። አንድ ጠዋት ቁልፉን ሲጫኑት ዝም ካለ «በቃ፣ ተቃጠለ» ተብሎ ይፈረድበታል። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተቸኮለ ነው። ኮረንቲ ከግድግዳው ተነሥቶ ማዘርቦርዱ ጋ እስኪደርስ ብዙ ቦታ ያልፋል፤ ከመንገድ አንዱ ጋ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፍለጋው ከግድግዳው ይጀምር። ሶኬቱ የስልክ ቻርጀር ያሠራል? ዲቫይደሩስ? የኮምፒውተሩንና የሞኒተሩን የመብራት ገመድ ያቀያይሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። ኪቦርዱ ላይ «ኒውም ሎክ»ን ደጋግመው ሲጫኑ ትንሿ መብራት ከበራችና ከጠፋች፣ ኮምፒውተሩ ተነሥቷል፤ ችግሩን ሞኒተሩና ገመዱ ላይ ይፈልጉ።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ከሆነ ሳይሰኩት ጀርባውን ይዩ። አንዳንዱ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ (የመብራት ገመዱ የሚሰካበት ክፍል) 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። 115 ላይ እንዳለ ከሰኩት ያኔውኑ «ጧ» ብሎ ሊቃጠል ይችላል።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የኮምፒውተሩ ማብሪያ ቁልፍ በራሱ ዋናውን ኮረንቲ አያገናኝም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ 5 ቮልት ይልካል፤ እንደማይተኛ ዘበኛ ነው። ቁልፉ ሲነካ ማዘርቦርዱ ይሰማና ፓወር ሰፕላዩን ያስነሣዋል፤ 12 ቮልቱና ሌላው የሚለቀቀው ያን ጊዜ ነው። ክዳኑን ከፍተው ማዘርቦርዱ ላይ የበራች ትንሽ መብራት ካዩ፣ ኮረንቲ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው። ካላዩ ገመዱን ነቅለው ማብሪያውን 15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙት፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና መልሰው ይሰኩት። መብራት ሲዋዥቅ ራሱን ለማዳን የቆለፈ ፓወር ሰፕላይ በዚህ ብቻ የሚነሣበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ የከተማችንን ጉዳይ ማንሣት አለብኝ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ የሚሠራው በዚሁ በሐይቃችን ውሃ ነው፤ ማመንጫው ቅርብ መሆኑ ግን ዕቃችንን አያድነውም። ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የሚደርሰው መብራት ሲመለስ ነው፤ የሠፈሩ ምጣድና ፍሪጅ ባንድ ጊዜ ሲነሣ ቮልቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ሲመጣ እስኪረጋጋ ይታገሡ። ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ትንንሽ በርሜል የቆሙትን ካፓሲተሮችም ይመልከቱ። አናታቸው ካበጠ ወይም ቡናማ ነገር ካፈሰሱ በሽታው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 የተሸጡ እጅግ ብዙ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተሮች በካፓሲተር ጉድለት ተበላሽተው ኩባንያው 300 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶበታል። ብየዳ የሚችል ባለሙያ ካፓሲተር ይቀይራል። ፓወር ሰፕላዩን ግን እርስዎ በፍጹም አይክፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሰው የሚጎዳ ኮረንቲ ይቆያል።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ከጨለመ ራሙን ይጠርጥሩ። ክረምት ላይ የሐይቁ ዳር እርጥበት ከአቧራ ጋር ተደርቦ የራሙን ወርቃማ ጥርሶች ያደበዝዛል። ገመዱን ነቅለው፣ የኮምፒውተሩን ብረት ነክተው፣ በሁለቱ ጫፍ ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጉ ራሙ ብድግ ይላል። ጥርሶቹን በለስላሳ ነጭ ላጲስ ቀስ ብለው ይሹ፤ የላጲሱን ፍርፋሪ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሁለቱም መያዣ «ቀጭ» እስኪል መልሰው ይጫኑት። ካልሆነ ራሙን በሙሉ አውጥተው ያስነሡት፤ «ቲት፣ ቲት» እያለ ከጮኸ ደስ ይበልዎ፤ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ በሕይወት አሉ፣ የሚገዙት ራም ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ «ኤፍ 1 ተጫን» እያለ የሚቆመው ደግሞ ሲ አር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስላለቀች ነው። መብራት በሌለ ቁጥር ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ስለሆነች እኛ ጋ ቶሎ ታልቃለች።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተነሣ ለባለሙያ ይስጡት። አይጠገንም ከተባሉ ግን ሃርድ ዲስኩን ሳያስወጡ አይሽጡት፣ አይጣሉትም። ሌላው ሁሉ ተቃጥሎ ሃርድ ዲስኩ ደህና የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጽሑፍዎና ፎቶዎ ያለው እሱ ላይ ነው።