ለሥራ ወደ ውጭ ሲልኩን፦ ምን ይዘን ሄደን ምን ይዘን እንመለስ?



ከግቢያችን ወጥቶ በታክሲ ወደ አቃቂ በሰቃ የሄደ ተማሪ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየውን ያውቀዋል፤ ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ምግብ፣ ቆርቆሮ። አልፎ ዱከም ሲደርስ ደግሞ የኢንዱስትሪ ዞኑ ይቀበለዋል። ከእኛ ብዙዎቹ የተግባር ልምምዳችንን የወጣነው እዚያው ነው፤ ከተመረቅን በኋላም ኢንሻአላህ የምንቀጠረው እዚያው አካባቢ ነው። በእነዚህ ፋብሪካዎች አንድ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው አንድ ቀን ቢሮ ይጠራና «ፓስፖርት አለህ?» ይባላል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ያ ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት ማወቅ የሚገባን ነገር ስላለ ነው።

ድርጅት ሠራተኛውን ወደ ውጭ የሚልክባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ዋናው የማሽን ግዢ ነው። ፋብሪካው ከቻይና፣ ከህንድ፣ ከቱርክ ወይም ከጣሊያን ማሽን ሲገዛ ውሉ ውስጥ «ይህን ያህል ሰው በአምራቹ ፋብሪካ ይሠለጥናል» የሚል አንቀጽ ይገባል። ሁለተኛው ማሽኑ መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት እዚያው ሄዶ ፈትሾ የሚፈርም ባለሙያ መላክ ነው። ሦስተኛው ባለቤቱ የውጭ ኩባንያ ሲሆን ሠራተኛው ዋናውን መሥሪያ ቤት አይቶ የአሠራሩን ልማድ እንዲይዝ ነው። ሦስቱም «ሥልጠና» ይባሉ እንጂ የሚጠይቁት ዝግጅት አንድ ዓይነት አይደለም።

ቅርባችን ያለውን ምሳሌ እንይ። ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ የሚያበቃው የቀላል ባቡር መስመር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የጠቅላላ ፕሮጀክቱ ወጪ 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። የግንባታው ተቋራጭ ቻይናዊ፣ ባቡሮቹ የቻይና፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን በውል የያዘውም የሼንዘን ሜትሮ ኩባንያ ነው። ማሽከርከሩን የእኛ ልጆች ተረክበውታል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በሚዘልቀው 752 ኪሎ ሜትር መስመርም እንዲሁ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር ያስተዳድሩት የነበሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ላይ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ የጋራ ድርጅት አስረከቡ። ቻይና ድረስ ሄደው የሠለጠኑ አሽከርካሪዎች ባይኖሩ ይህ ርክክብ አይታሰብም ነበር።

ግን ሌላም ገጽ አለው። ቀላል ባቡሩ 41 ባቡሮች ይዞ ነው የተነሣው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው መቆማቸውን በየጣቢያው ተሰልፎ የጠበቀ ሰው ሁሉ ያውቃል። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ እሱን ሠልጣኝ አይፈታውም። ቢሆንም ለእኛ ለወደፊት መሐንዲሶች የሚነግረን ነገር አለ። መንዳት ከአሠልጣኝ ጎን ተቀምጦ ለወራት በመለማመድ ይተላለፋል። አንድ የተበላ ጎማ ወይም ፍሬን እዚህ አገር እንዲሠራ ግን ሥዕሉ፣ የብረቱ ዓይነት፣ የሚፈቀደው ልክ፣ የሙቀት አያያዙ ያስፈልጋል። ይህ በሠልጣኝ መማሪያ ውስጥ አይገባም፤ ሻጩ መለዋወጫ እየሸጠ መኖር ስለሚፈልግ በገዛ ፈቃዱ ሊሰጠንም አይቸኩልም። በዚያው ክፍለ ከተማ ለመለዋወጫና ለእጅ መሣሪያ ማምረቻ ተብሎ የተቋቋመ ፋብሪካ ያለን ሰዎች ነን። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የሚጠበበው ውሉ ሲጻፍ በሚያስገባ፣ እዚያ ሲደርስም በሚጠይቅ ሰው ነው።

ዱከም የሚገኘው የሁዋጂየን ጫማ ፋብሪካ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ሲወስን 86 ኢትዮጵያውያንን መልምሎ ለሥልጠና ወደ ቻይና ላከ። ማምረት የጀመረው በ2012 መጀመሪያ፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው። ስለ ኩባንያው የሥራ ሁኔታና ደመወዝ በኋላ ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ ያ ሌላ ርእስ ነው። እዚህ የምንፈልገው የጊዜ ቅደም ተከተሉን ነው። ሠልጣኞቹ ሲመለሱ የተማሩት ሥራ እየጠበቃቸው ነበር፤ እጃቸው ሳይቀዘቅዝ ማሽኑ ላይ ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ሰው ሠልጥኖ ይመለሳል፣ ማሽኑ ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው። ማሽኑ ሲመጣ ሠልጣኙ ክፍል ቀይሯል ወይም ለቋል። ስለዚህ «መቼ ነው የምሄደው?» ብለን ከመጠየቅ ይልቅ «ማሽኑ መቼ ይተከላል?» ብለን ብንጠይቅ ለድርጅቱም ለራሳችንም ይበጃል።

ከሩቅ አገር አንድ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1950 ቶዮታ ዕዳ ውስጥ የገባ፣ ከከባድ የሠራተኞች አድማ ገና የወጣ፣ መሥራቹም ሥልጣኑን የለቀቀበት ኩባንያ ነበር። በዚያው ዓመት ኤይጂ ቶዮዳ የተባለው የኩባንያው ሰው አሜሪካ ሄዶ ሪቨር ሩዥ የሚባለውን ግዙፍ የፎርድ ፋብሪካ ተመለከተ። ያንን ፋብሪካ አገሩ ላይ ለመገልበጥ ገንዘቡም ገበያውም አልነበረም። ይዞት የተመለሰው አንዱ ነገር በጣም ርካሽ ነበር፤ ፎርድ ሠራተኞቹ የማሻሻያ ሐሳብ እንዲያቀርቡ የሚያበረታታበት ሥርዓት። በ1951 ቶዮታ ይህንኑ ለራሱ አስማምቶ ጀመረ። ዛሬ አቃቂ ውስጥ ግድግዳ ላይ «ካይዘን» የሚል ሰሌዳ የምናየው ያ የጃፓን ልምድ እኛ ዘንድ ስለደረሰ ነው፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቶዮዳ አሜሪካ ሲገባ የገዛ ፋብሪካው የት ላይ እንደሚያመው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ከግዙፉ ፋብሪካ ውስጥ ያችን ትንሽ ነገር ነጥሎ እንዲያይ ያስቻለው ይህ ይመስለናል።

እንግዲህ ዝግጅቱ ከመሄድ በፊት ይጀምራል። ፓስፖርትና ቪዛ የሁሉም ሰው ጭንቀት ስለሆነ አይረሳም፤ የሚረሳው ከማሽኑ ጋር በየቀኑ ከሚታገሉት ኦፕሬተሮችና መካኒኮች ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። የትኛው ክፍል ቶሎ ይሰበራል? የትኛው ማንቂያ ሁልጊዜ ይጮሃል? የትኛውን ዕቃ በመርካቶ ቅያሪ እየተካን ነው? ፎቶውን፣ የመለዋወጫ ቁጥሩን፣ ልኩን ይዞ መሄድ ነው። አሥር የተጻፉ ጥያቄዎች ይዞ የሄደ ጀማሪ፣ ባዶ ማስታወሻ ይዞ ከሄደ አንጋፋ ይበልጣል።

እዚያ ከደረስን በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በአዳራሽ፣ በስላይድና በጉብኝት ያልፋሉ። አሠልጣኙ የሚነግረን ማሽኑ ሲሠራ ነው፤ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ የሚያውቀው የጥገና ክፍሉ ፎርማን ነው። እሱ ዘንድ ለመድረስ በትሕትና መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እንግሊዝኛ ባይችል እንኳ እጁን አይቶ መማር ይቻላል። ማታ ሆቴል ስንገባ የቀኑን መጻፍ፤ ነገ እጽፈዋለሁ የተባለ ነገር ሦስተኛው ቀን ላይ ይደባለቃል። እውነቱን ለመናገር ብዙው ተጓዥ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ውሎ አበሉን ቆጥቦ ስልክና ጫማ ፍለጋ ገበያ ለገበያ ይዞራል። መሸመት ነውር የለውም፣ ቤተሰብም ይጠብቃል። የሥልጠናውን ሰዓት ሲበላ ግን ጉዳዩ የአማና ጉዳይ ይሆናል።

ከዚህ የሚከብደው ስጦታ ነው። ማሽን ፈትሸን ልንፈርም ሄደን ሻጩ እራት ይጋብዘናል፤ ከዚያ ላፕቶፕ፣ ከዚያ ደግሞ በፖስታ የታሸገ ገንዘብ። በማግስቱ ማሽኑ የማይሟላው ነገር ቢገኝስ? በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የዘካ ሰብሳቢው የኢብኑል ሉትቢያ ታሪክ የሚያነሳው ይህንኑ ነው፤ በሥራው ምክንያት የተሰጠውን የግሉ ስጦታ አድርጎ በመቁጠሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሚንበር ላይ ወቅሰውታል። የድርጅታችን ደንብ ስለ ስጦታ ምን እንደሚል ከመሄዳችን በፊት እንጠይቅ፤ ደንብ ከሌለ ለአለቃችን በጽሑፍ ማሳወቅ ይበቃል።

ስለ ግዴታ ውልም አንድ ነገር። ብዙ ቀጣሪዎች ከሥልጠና በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል፣ አለዚያ ወጪውን ለመመለስ ያስፈርማሉ፤ ዋስም ይጠይቃሉ። ጊዜው ስንት ነው? ገንዘቡ በቁጥር ተጽፏል ወይስ «ሙሉ ወጪ» ብቻ ይላል? ቀጣሪው ራሱ ካሰናበተን ውሉ ምን ይሆናል? በጉዞ ደስታ ሳይነበብ የተፈረመ ወረቀት ከዓመት በኋላ አጎትን ወይም ጎረቤትን ዋስ አድርጎ ሲያስጠይቅ ይከብዳል።

እህቶቻችንን የሚመለከተው ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። ያለ መሕረም ለሥራ መጓዝ ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው፤ አጥብቀው የሚከለክሉ አሉ፣ መንገዱ አስተማማኝ ሲሆንና የታመኑ ሴቶች አብረው ሲሆኑ የሚፈቅዱም አሉ። እኛ እዚህ ፈትዋ አንሰጥም። የምንለው አንድ እህት ጥያቄውን ለምታምነው ዓሊም ማቅረብ ያለባት ስሟ ከተመረጠ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ሳይሆን ሥራ ስትጀምር ነው። ከቤተሰቧም ጋር እንዲሁ። መልሷን አስቀድማ ካወቀች ከሌላ ሠራተኛ ጋር በቡድን መላክን ወይም አሠልጣኙ ወደዚህ እንዲመጣ መጠየቅ ትችላለች። ዝም ካለች ግን አለቆች «እሷ አትሄድም» ብለው በራሳቸው ይወስናሉ፤ እድገቱም በዚያው ያልፋታል።

ሶላትን በተመለከተ በሻፊዒይ መዝሀብ ከገባበትና ከሚወጣበት ቀን ውጭ አራት ሙሉ ቀን ለመቆየት የወሰነ ሰው ቀስር አያደርግም፤ በሐነፊይ ግን ወሰኑ አሥራ አምስት ቀን ነው። የቻይና ሙስሊሞች በአብዛኛው ሐነፊዮች ስለሆኑ መስጊድ ውስጥ ከሚነግሩን ጋር ልዩነት ብናይ አንደንግጥ። እዚህ ወደ ሰሜን መስገድ የለመድን ሰዎች እዚያ ወደ ምዕራብ ነው የምንዞረው። የፋብሪካውን የሻይ እረፍት ሰዓት በመጀመሪያው ቀን ብንጠይቅና ዙህርን ከእሱ ጋር ብናስማማ አሠልጣኙም አይቸገርም። ምግብ ላይ «ቺንግጀን» የሚለውን የቻይንኛ ጽሑፍ ፎቶ ስልካችን ላይ ብንይዝ ይጠቅማል፤ የሐላል ምግብ ቤቶች ምልክት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከጎኑ በዐረብኛ «ሐላል» ተጽፎ ይገኛል። በብዙ ከተሞች የሑይ ሙስሊሞች የሚሠሩት በእጅ የተሳበ ፓስታ መሳይ ምግብ ርካሽም ጥሩም ነው። ጓንጁ የደረሰ ሰው ጥንታዊውን የሁዋይሸንግ መስጊድ ለጁምዓ ሊያገኘው ይችላል።

ተመልሰን ስንመጣ ሻንጣው ሳይፈታ ሪፖርቱ መጻፍ አለበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኸዲጃን (ረ.ዐ) ንግድ ይዘው ወደ ሻም ሲሄዱ አብሯቸው የነበረው መይሰራ ተመልሶ ያየውን ሁሉ ለኸዲጃ እንደነገራት የሲራ መጻሕፍት ይዘግባሉ፤ ላኪ ሰው የላከውን ማወቅ ይፈልጋል። ሪፖርቱ ሦስት ገጽ ቢሆን ይበቃል፤ ይዘን ለሄድናቸው አሥር ጥያቄዎች ያገኘነው መልስ፣ ያላገኘነው የትኛው እንደሆነ፣ እዚህ ያለ ገንዘብ በዚህ ወር ሊቀየር የሚችለው ምን እንደሆነ። ከዚያ ጥያቄዎቹን የሰጡንን ኦፕሬተሮችና መካኒኮች ሰብስቦ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ማሳየት ነው። ማስታወሻውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ «እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው» የሚል ሰው በየፋብሪካው አለ፤ እሱ በታመመ ቀን መስመሩ ይቆማል።

በተግባር ልምምድ ላይ ያላችሁ የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች ከዚህ ሳምንት መጀመር ትችላላችሁ፤ በምትሠሩበት ክፍል ከውጭ ሠልጥኖ የመጣ ሰው ካለ ፈልጋችሁ ሻይ ጋብዙትና እዚያ ሳይጠይቀው የቀረው ነገር ምን እንደሆነ ጠይቁት።