ስብ ከተመጠጠ በኋላ፦ ማገገም በሐረር

ስብን በመምጠጥ የማውጣት ቀዶ ጥገና፣ በሕክምናው አጠራር ሊፖሰክሽን፣ በሆድ፣ በጎንና በጭን ላይ ከቆዳ ሥር የተጠራቀመውን ስብ ካኑላ በሚባል ቀጭን የብረት ቱቦ መጥጦ የሚያስወግድ ሲሆን፣ የሰውነት ቅርጽ ማስተካከያ እንጂ የክብደት መቀነሻ አይደለም። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጣልያንና በፈረንሳይ ሐኪሞች ከተጀመረ በኋላ፣ በ1980ዎቹ አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ጄፍሪ ክላይን ማደንዘዣና የደም ሥርን የሚያጠብብ አድሬናሊን የተቀላቀለበት ብዙ ፈሳሽ አስቀድሞ ወደ ስቡ የማስገባትን ስልት በማስተዋወቁ የሚፈሰው ደም በእጅጉ ቀነሰ። በቆዳው ላይ የሚቀሩት ቀዳዳዎች ጥቃቅን ስለሆኑ ብዙዎች ነገሩን አቅልለው ያዩታል፤ ይሁን እንጂ ቱቦው ከቆዳ ሥር የተመላለሰበት ሥፍራ ሁሉ ቁስል ነው።

ይህ ስውር ቁስል ቀዶ ጥገናውን አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ አድርጎ ወደ ሐረር ለሚመለስ ሰው የተለየ ችግር ይፈጥራል፤ ከሐኪሙ ዘንድ የሚቆየው ጥቂት ቀናት ሲሆን፣ የሚድነው ግን ለወራት፣ ያውም ሐኪሙ አዲስ አበባ ያለ ቢሆን እንኳ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነውና። ጉዞው ራሱ ከአደጋዎቹ አንዱ ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ደም የመርጋት ዝንባሌው ስለሚጨምር፣ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ እግርን አጥፎ መቀመጥ በባት ውስጥ የረጋ ደም እንዲፈጠርና ተነቅሎ ወደ ሳንባ እንዲሄድ ሊያደርግ ይችላል፤ ስለዚህ የመመለሻውን ቀን የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ የቲኬቱ ዋጋ ሊሆን አይገባም።

በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ከቀዳዳዎቹ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ይወርዳል፤ ይህ በአብዛኛው አስቀድሞ የገባው ፈሳሽ ስለሆነ አንሶላ ቢያበላሽም ብዙውን ጊዜ የሚያስደነግጥ አይደለም። እብጠቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታል፣ የቆዳው መበለዝ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ ቢጫነት እየተለወጠ ይጠፋል፣ መደንዘዙና ማሳከኩ ግን ሊቆይ ይችላል። ከቆዳ ሥር የሚዳሰሰው ጓጎላ ሰውነት ቁስሉን ለመጠገን የሚያበጀው ኮላጅን የተባለ የፕሮቲን ድር ሲሆን ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። እውነተኛው ቅርጽ የሚታየው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ በሁለተኛው ሳምንት መስታወት ፊት ቆሞ ቦርጩ አልጠፋም ብሎ ማዘን ያለ ጊዜው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚለበሰው ጨምቆ የሚይዝ ልብስ እብጠቱን ይቀንሳል፣ ፈሳሽም እንዳይጠራቀም ይረዳል። እናቶች አራስን ወገቧን በመቀነት የማሰር ልማድ ስላላቸው ይህንኑ ልብስ በመቀነት መተካት የሚቻል ይመስላል፤ ነገር ግን የልብሱ ጫና እኩል የተዳረሰ ሲሆን፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ግን በአንድ መስመር ላይ እየቆረጠ የደሙን ዝውውር ያውካል፣ በቆዳውም ላይ ስርጉድ መስመር ሊተው ይችላል። ቅቤም ሆነ ከርቤ ባልተዘጋ ቀዳዳ ላይ መቀባት የለበትም።

በዝግታ መራመድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይመከራል። ይሁንና በግንብ የታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ፣ የጁገል፣ መተላለፊያዎች ጠባብ፣ ድንጋያማና አቀበት ቁልቁለት የበዛባቸው ስለሆኑ፣ ገና ለሚያዞረው ሰው በግቢ ውስጥ መመላለስ ይሻለዋል። በሐረሪ ቤት ነደባ፣ ማለትም ከወለሉ ከፍ ብሎ በተሠራው መቀመጫ ላይ፣ እግርን አጥፎ ለሰዓታት መቆየትም እንደ አውቶቡሱ ወንበር ደም ሊያረጋ ይችላል።

መቀመጥ ከተነሣ ዘንዳ በርጫን፣ ማለትም ተሰብስቦ ጫት መቃምን፣ ማለፍ አይቻልም፤ በሐረር ስለ ማገገም የሚሰጥ ምክር ጫትን ካላነሣ የነገሩን ግማሽ ትቷል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይቀንሳል፤ ቁስል ደግሞ የሚድነው በምግብና በእረፍት ነው። አምፒሲሊን የተባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከጫት ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን እንደሚቀንስም በጥናት ታይቷል። አብሮ የሚጨሰው ሲጋራና ሺሻ ይብሳል፤ ኒኮቲን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብብ ቆዳው ኦክስጅን ያጥረዋል።

እንቁላል፣ ሥጋ፣ ምስርና የፈላ ወተት ለኮላጅኑ መሥሪያ ይሆናሉ፣ ጨው ግን እብጠትን ያባብሳል። በረመዳን፣ ወይም ከሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል በፊት በሚጾሙት ስድስት የሸዋል ወር ቀናት በማገገም ላይ ያለ ሰው ውኃ ሳይጠጣ መዋሉ ደሙን ስለሚያወፍር፣ ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው የሰጠውን ያለመጾም ፈቃድ መጠቀም ከሕክምናው ምክር ጋር ይስማማል።

ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ የአንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ በተለይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ሲኖር አዲስ አበባ ስልክ እየደወሉ መጠበቅ አይገባም፤ ሕይወት ፋናም ሆነ ጁገል ሆስፒታል ቅርብ ናቸው። እዚያ የሚቀበለው ሐኪም ታካሚውን ከዚያ በፊት አይቶት ስለማያውቅ፣ ቀዶ ጥገናው የተደረገበትን ቀን፣ ስቡ የወጣበትን ሥፍራ፣ በሊትር የወጣውን መጠንና የታዘዙትን መድኃኒቶች የያዘ ወረቀት ከታካሚው ጋር መምጣት አለበት።