ከባድ ቃጠሎ የነጭ የደም ሕዋሶችን እንዴት ያደክማል?



በመርሳም ሆነ በሐብሩ ገጠር፣ ጉልቻው መሬት ላይ በሆነበት ቤት ልጅ እሳት ላይ መውደቁ ወይም የፈላ ወጥ መደፋቱ ያጋጥማል። በዕለቱ ጎረቤት ሁሉ ይሯሯጣል። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ልጁ ሲረጋጋ «ተመስገን፣ ተረፈ» ይባላል። በሳምንቱ ግን ትኩሳት ይነሣበትና «ዓይን ወጋው» ይባላል። ነገሩ ከዓይን አይደለም፣ ከደሙ ነው።

ደም ሲያዩት ቀይ ነው፤ በውስጡ ግን ነጭ ሕዋሶች አሉ። ሥራቸው ወደ ሰውነት የገቡትን ረቂቅ ተሐዋስያን እያሳደዱ መዋጥና መግደል ነው። ኤሊ ሜችኒኮፍ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1882 የባሕር ኮከብን እጭ በእሾህ ወግቶ በአጉሊ መነጽር ቢያይ፣ ተንቀሳቃሽ ሕዋሶች እሾሁን ከበውት አገኘ። በ1908 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። እኛም እሾህ ሲወጋን የሚወጣው መግል አብዛኛው የሞቱ ነጭ ሕዋሶች ነው።

አሁን ወደ ቃጠሎው እንምጣ። ቆዳ አጥር ነው፤ ሲቃጠል አጥሩ ይፈርሳል። የሞተው ቆዳ ደም አይደርሰውም፤ ደም ካልደረሰው ደግሞ ነጭ ሕዋስም በደም የሚሄድ መድኃኒትም አይደርሰውም። ይህስ ለማንም ግልጽ ነው። የሚያስገርመው ከቁስሉ ርቀው ያሉት ሕዋሶችም መድከማቸው ነው። የተቃጠለው ሥጋ የሚለቃቸው ነገሮች በደም ተሠራጭተው መላውን ሰውነት ያስደነግጡታል። ነጭ ሕዋሶቹ ጠላት በሌለበት፣ በሳንባ ሳይቀር፣ ተነሣሥተው ጉልበታቸውን ይጨርሳሉ። ቁስሉ ዘንድ ሲፈለጉ መንገድ ይስታሉ፤ ተሐዋሱን ቢውጡትም መግደል ያቅታቸዋል። በአጥንት ውስጥ ያለው መቅኔም በጥድፊያ ያልበሰሉ ሕዋሶችን ይልካል፤ ሳይበስል ከምጣድ እንደወጣ እንጀራ ማለት ነው። ስለዚህ በላቦራቶሪ ሲቆጠሩ በዝተው ሊገኙ ይችላሉ፤ ብዛት ግን ጉልበት አይደለም። ከዚያም ላይ ሰውነት ለመከላከያ የሚሠራው አንቲቦዲ ከቁስሉ ከሚፈስሰው ውሃ ጋር ይወጣል።

ከባድ የሚባለው የቱ ነው? የታካሚው መዳፍ ከነጣቶቹ ከሰውነቱ ቆዳ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው። በልጅ ከአሥር መዳፍ፣ በዐዋቂ ከአሥራ አምስት መዳፍ ከበለጠ ሆስፒታል ያስፈልገዋል። ፊት፣ እጅ ወይም መጋጠሚያ ከተቃጠለ ትንሽ ነው ብሎ መተው አይገባም።

እንግዲህ ዘበኞቹ በደከሙበት ሰዓት ቁስሉ ላይ ሊጥ፣ ጭቃ፣ አመድ ወይም እበት መለጠፍ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! ተሐዋስያኑን ራሳችን ተሸክመን ማስገባታችን ነው። ቅቤም ያው ነው። የሚሻለው ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ፣ የቀረውን ሰውነት እንዳይበርደው ማልበስ፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም እዚያው ይታያል። የባሰው ወደ ወልድያ ሆስፒታል ይላካል፤ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታልም የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

ስለ ምግብ ደግሞ ልናገር፣ እናቶች በተለይ ስሙኝ። የተቃጠለ ሰውነት እንደ ትልቅ ማገዶ ምግብ ይፈጃል፤ አዲስ ሕዋስም ያለ ምግብ አይሠራም። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስርና ሽሮ በርከት አድርጎ መስጠት ነው። ጾም ቢሆንስ? በክርስትናም በእስልምናም ታማሚ አይገደድም፤ ቄሱንም ሼሁንም መጠየቅ ይቻላል።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ ሲወድቅ «ይጋባል» ብሎ መሸሽ አለ። በመንካት አይጋባም። ቶሎ ጎትቱት፤ ቃጠሎው በሰፋና በጠለቀ ቁጥር የሕዋሶቹ ድካምም ይብሳል።

ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ ቁስሉ ቢሸት፣ አረንጓዴ ፈሳሽ ቢወጣው፣ ልጁ ቢፈዝ ወይም ምግብ እንቢ ቢል፣ ትኩሳት ባይኖረውም እንኳ በዚያው ቀን ይዛችሁት ተመለሱ። የደከመ ሰውነት አንዳንዴ ትኩሳት በማሳየት ፈንታ ይቀዘቅዛል።