በሆዳቸው ፀንሰው ስለሚወልዱ ዓሦች ቀለምና ብርታት

ዓሣ ሁሉ እንቁላል እየጣለ ብቻ የሚራባ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአገራችን የታወቁት ዓሦች በእውነት እንቁላል ይጥላሉ። ነገር ግን በጣና ሐይቅ የሚኖረው ቆሮሶ ልማዱ ለየት ያለ ነው፤ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ፥ ተፈልፍሎ መዋኘት እስኪችል ድረስ ትጠብቀዋለች። ይህም ወደ መውለድ የቀረበ ነው እንጂ መውለድ አይደለም።

ከእውነተኞቹ ወላዶች አንዱ ጉፒ ይባላል። አገሩ የትሪኒዳድ ደሴትና የደቡብ አሜሪካ ሰሜን ዳርቻ ነው፤ ርዝመቱም ከጣት አይበልጥም። እንስቲቱ አንድ ወር ያህል ፀንሳ ትወልዳለች፤ የተወለደውም ወዲያው ይዋኛል። እርሷ ደብዛዛ ስትሆን ተባዕቱ ቀይ፥ ብጫ፥ ሰማያዊና ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ከብቶቻችን ቡሬ፥ ዳለቻ፥ ዳማ እየተባሉ እንደሚለዩ፥ ከተባዕቶቹም አንዱ ሌላውን አይመስልም።

ይህ ልዩነት ከምን መጣ ቢሉ፥ ከውኃው ነው። ከፏፏቴ በላይ ትልልቆቹ አዳኝ ዓሦች ስለማይወጡ ተባዕቱ ደማቅ ነው፤ ከፏፏቴው በታች ግን ደማቁ ቶሎ ታይቶ ስለሚበላ ደብዛዛው ይተርፋል። እንስቲቱ ደማቁን ለባልነት ትመርጠዋለች፤ አዳኙም ያንኑ ለምሳው ይመርጠዋል። ጆን ኤንድለር የተባለ ሊቅ በ1968 ዓ.ም. አዳኝ ከሞላበት ውኃ 200 ያህል ጉፒ ወስዶ፥ ብርቱ አዳኝ ወደሌለበት ጅረት ለቀቀ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የዘሮቻቸው ነጠብጣብ በዝቶ ተገኘ። ሰውዬው ዓሦቹን ቀለም አልቀባቸውም፤ ውኃውን ብቻ ለወጠባቸው።

ስለ ብርታታቸውም፥ በደፈረሰና አየር ባነሰው ውኃ ይኖራሉ፤ እንስቲቱም የተባዕቱን ዘር በሆዷ ለብዙ ወር ስለምታቆይ፥ አንዲት ብቻ ብትገባ ኩሬ ልትሞላ ትችላለች። ጉፒ ቆላ ወዳድ ነው፤ እንደ ቁይ ያለውን የደጋ ብርድ አይችልም። ዘመዱ ጋምቡዝያ ግን ብርድንም ይታገሣል። ስለዚህ የወባ ትንኝ እጭ ይበላል ተብሎ ከአሜሪካ ወደ ብዙ አገር ተወሰደ። እጩን መብላቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአገሬውን ዓሣና የእንቁራሪት ልጆችም ይበላል፥ የትልልቆቹንም ክንፍ ይነክሳል። አንድ ጊዜ ወንዝ ከገባ በኋላ ለቅሞ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ነገሩ እኛንም ይነካል። ከጮቄ የሚወርዱት ሙጋና ሱሃ የሚገቡበት የዓባይ በረሃ ወባ አለበትና፥ በጎ አሳቢ ሰው አንድ ቀን እንዲህ ያለ ዓሣ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በጣና ደግሞ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ከ10 የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ይኖራሉ፤ ከታች ካሉት ዘመዶቻቸው የለያቸው 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ፏፏቴው ከታች የሚመጣውን ዓሣ ይከለክላል፤ በባልዲ ተሸክሞ የሚመጣውን ሰው ግን አይከለክልም። ስለዚህ መምህራንና ሽማግሎች እንግዳ ዓሣ በኩሬያቸው ይፍሰስ ሲባሉ፥ የክረምት ጎርፍ ኩሬውን ከወንዙ ጋራ ያገናኘው እንደ ሆነ አስቀድመው ይመርምሩ።