40 እና 44 ጥርስ፦ የአሮጌው ቮልስዋገን የኋላ ቁመት አስተካከል



የዛሬው ርእስ ሲሰሙት የጋራዥ ወሬ ይመስል ይሆናል። የአሮጌ ቮልስዋገን የኋላ ክፍል ሲረግብ ወይም ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ሲገኝ ወደ ትክክለኛ ቁመቱ እንዴት ይመለሳል? ጥያቄውን የመረጥሁት የቁሳቁስ ሳይንስ፣ የማሽን ንድፍና የተሽከርካሪ ደኅንነት በአንድ ሥራ ስለሚገናኙበት ነው። እነዚህ መኪኖች ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰው ጭነው ይሄዳሉና ጉዳዩ የታሪክ ብቻ አይደለም።

በቅድሚያ አሠራሩን እንመልከት። በዚህ መኪና የኋላ ክፍል ባሌስትራም ሆነ ጥቅል ሞላ የለም። ክብደቱን የሚሸከመው በመኪናው ወርድ በተጋደመ ቱቦ ውስጥ የተቀመጠ ክብ የብረት ዘንግ ነው፤ ለግራና ለቀኝ አንድ አንድ። የፈርዲናንድ ፖርሽ የንድፍ ቢሮ ለዚህ ዓይነቱ ተጠምዛዥ ዘንግ የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1931 ነበር። የዘንጉ ውስጠኛ ጫፍ በቱቦው መካከል ተቆልፎ ይያዛል፤ ውጫዊው ጫፍ ደግሞ ወደ ኋላ የተዘረጋውንና ጎማውን የሚይዘውን ጠፍጣፋ የብረት ክንድ ይሸከማል። ጎማው ወደ ላይ ሲነሣ ክንዱ ይዞራል፤ ዘንጉም ይጠመዘዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝን አንድ የተሳሳተ እምነት ላንሣ። መኪናው ከኋላ ሲረግብ «ሞላው ደክሟል» ይባላል፤ መፍትሔውም ጠንካራ ዘንግ መግዛት ነው ተብሎ ይታሰባል። የዘንጉን ጥንካሬ የሚወስኑት ግን ርዝመቱ፣ ውፍረቱና የብረቱ የሽርተት ሞጁለስ ናቸው። ከእነዚህ አንዱም በአገልግሎት ብዛት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም። የተለወጠው ዘንጉ ያለ ጭነት የሚያርፍበት ማዕዘን ነው፤ ለዓመታት ከተሸከመው ጭነት የተነሣ ጥቂት ቋሚ ጥምዘዛ ቀርቶበታል። ስለዚህ መድኃኒቱ የመነሻ ማዕዘኑን ማስተካከል ነው። ጥንካሬ ከውፍረቱ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ የ22 ሚሊ ሜትር ዘንግ በ24 ሚሊ ሜትር ቢተካ ጥንካሬው በ42 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ባለመኪናው ቁመት ፈልጎ የሚያገኘው የሚያንገጫግጭ መኪና ይሆናል።

ማዕዘኑ እንዴት ይስተካከላል? በዘንጉ ውስጠኛ ጫፍ 40፣ በውጫዊው ጫፍ 44 ጥርሶች ተቀርጸዋል። በውስጥ በኩል አንድ ጥርስ ማዞር 9 ዲግሪ ነው፤ በውጭ በኩል ደግሞ 8.18 ዲግሪ። ክንዱን 400 ሚሊ ሜትር ያህል ብለን ብንወስድ፣ በአንዱ ጫፍ ብቻ አንድ ጥርስ ማዞር ጎማውን በ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያንቀሳቅሰዋል። ይህ ለማስተካከያ እጅግ ብዙ ነው። ነገር ግን ዘንጉን በውስጥ በኩል አንድ ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ክንዱን በውጭ በኩል አንድ ጥርስ ወደ ተቃራኒው ብናዞር፣ የሚቀረው የሁለቱ ልዩነት 0.82 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በጎማው ላይ ሲለካ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። የ40 እና የ44 ትንሹ የጋራ ብዜት 440 ነው፤ 360 ለ440 ሲካፈልም ይኸው 0.82 ይገኛል። ፒየር ቬርኒየር እ.ኤ.አ. በ1631 ባሳተመው የመለኪያ ዘዴ የተጠቀመበትም ይኸው ሐሳብ ነው፦ ሁለት ሸካራ ክፍፍሎች በልዩነታቸው አንድ ረቂቅ ክፍፍል ይሰጣሉ። ጥርሶቹን እጅግ በማቅጠንም ረቂቅ እርምጃ ይገኝ ነበር፤ ቀጭን ጥርስ ግን የዘንጉን ጭነት ለመሸከም ይቸገራል።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? መልሱ ከአክሰሉ ነው። በብዙዎቹ ሞዴሎች እያንዳንዱ የኋላ ግማሽ አክሰል ከካምቢዮው አጠገብ ባለ አንድ መታጠፊያ ብቻ ይወዛወዛል። ጎማውም ከግማሽ አክሰሉ ጋር አብሮ ይዘማል። ግማሽ አክሰሉን 600 ሚሊ ሜትር ብለን ብናሰላ፣ እያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ቁመት የጎማውን ዘመም በ1 ዲግሪ ገደማ ይለውጣል። እንግዲህ በዚህ መኪና ቁመት ማለት የጎማ ማዕዘን ማለት ነው። ከልክ በላይ ዝቅ ያለ መኪና የጎማውን ውስጠኛ ጠርዝ ይበላል፤ ከፍ ያለው ግን ይበልጥ ያሠጋል። በፈጣን መታጠፊያ ላይ የውጭው ጎማ ወደ ውስጥ ሊታጠፍ፣ የመኪናው የኋላ ክፍል ሊነሣና መኪናው ሊገለበጥ ይችላል። ብዙ ሻንጣ ለመጫን ሲባል ኋላውን ማስነሣት ይህን አደጋ መጋበዝ ነው።

የሥራውን ቅደም ተከተል በአጭሩ ልጥቀስ። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ ክብደቱ በጽኑ መቆሚያ ላይ ማረፍ አለበት። ክንዱና አክሰሉ የሚገጥሙበት ቦታ ሳይፈታ በፊት ምልክት ይደረግበታል፤ አለዚያ የጎማው አቅጣጫ ይዛባል። ክንዱ በታችኛው ማቆሚያ ላይ ያረፈው ተጠምዝዞ ስለሆነ ሲለቀቅ በኃይል ይፈናጠራል፤ ከሥሩ ክሪክ ተደግፎ፣ በሰንሰለት ታስሮ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ጭነት የሌለበት ክንድ የሚያሳየው ማዕዘን ይለካል፤ የጥገናው መጽሐፍ ለዚያ ሞዴል ከሚሰጠው ቁጥር ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱም ለ0.82 ተካፍሎ ስንት እርምጃ እንደሚያስፈልግ ይታወቃል። የግራና የቀኝ ዘንጎች አይለዋወጡም። ሁለቱ ጎኖች እኩል ካልሆኑ ደግሞ ከፍ ካለው የኋላ ጎማ በሰያፍ ያለው የፊት ጎማ ተጨማሪ ጭነት ይሸከማል፤ ፍሬን ሲያዝም መኪናው ወደ አንድ ጎን ሊጎትት ይችላል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በጥምዘዛ ጊዜ ከፍተኛው ውጥረት የሚያርፈው በዘንጉ ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ በመሮ የተጫረ ወይም ዝገት የበላው ገጽ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ዘንጉን በእሳት ማሞቅም ብረቱ በሙቀት ሕክምና ያገኘውን ጥንካሬ ያጠፋል፤ ሁለቱም በፍጹም መደረግ የለባቸውም።

ተማሪዎቼ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ይዘው እንዲሄዱ እሻለሁ። የ40 እና የ44 ጥርሶች ልዩነት በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም፤ ለጠጋኙ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ እርምጃ እንዲያገኝ ተብሎ የተሰላ ነው። ያንን ስሌት የማያውቅ ጠጋኝ ጥርስ በግምት ያዞራል፤ የሚያውቀው ግን በመጀመሪያ ማዕዘኑን ይለካል።