የጥምቀት ቀሚስ ከመቀሱ በፊት

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል የአገራችን ሰው። ያ ቀሚስ ታቦቱን ለማጀብ ከመውጣቱ አስቀድሞ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ በዛሬው የበዓል ገጻችን ልናወጋችሁ ወደድን።

የልብስ ንድፍ ባለሙያ፣ በዘመኑ አጠራር ዲዛይነር፣ ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው መቀስና ሜትር የያዘ ሰው ነው። በፋብሪካ ጨርቅ ለሚሠራ ይህ እውነት ነው፤ ጨርቁ በጥቅል ተገዝቶ ይመጣል፤ የሚቀረው መቅደድና መስፋት ነው። የሐበሻ ቀሚስ ንድፍ አውጪ ግን ሥራዋን የምትጀምረው ጨርቁ ገና ሳይኖር ነው። ጥልፍ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጥለት ግን ከሸማው ጋር አብሮ የሚሸመን በመሆኑ፣ የደረቱ፣ የእጅጌውና የዘርፉ ቦታ ድሩ ከመወጠሩ በፊት ታስቦ ማለቅ አለበት።

ስለዚህም መንገዷ ወደ ሸማኔው ነው። በእንጦጦ ግርጌ በምትገኘው ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ይህን ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል። የሸማው ስፋትም ሁለቱ እጆቹ ከሚደርሱበት አያልፍም። ሰፊ ቀሚስ ያሰበች ንድፍ አውጪ ገጣጥማ መሥራት ግዴታዋ ነው፤ መጋጠሚያውን መሰወርም የእርሷ ፈንታ ነው።

ጥለቱ የሚወጣው ደግሞ የድሩ ክሮች በጣት እየተቆጠሩ፣ ባለቀለሙ ክር በመካከላቸው እየገባ ነው። በወረቀት ላይ ክብ አበባ ብትስል፣ ከሸማኔው የሚመለስላት ጠርዙ እንደ ደረጃ የተሰበረ አበባ ነው። ይህን የምታውቅ ባለሙያ እርሳሷን ከማንሳቷ በፊት ከሸማኔው ጎን ትቀመጣለች። የተራቀቀ ጥለት ሳምንታትን ይወስዳልና፣ ለጥር 11 የሚደርስ ቀሚስ በታኅሣሥ መጨረሻ ቢያዙት የሚሆን አይደለም።

እግረ መንገዳችንን አንድ ቅሬታ እናንሣ። አንዳንድ ዘመናዊ ንድፎች ነጠላውን አጥብበው እንደ አንገት ልብስ አድርገውታል፤ ወይም ከቀሚሱ ጋር ሰፍተውታል። ያማረ ነው። ዳሩ ግን ራስ የማይሸፍን፣ መስቀልያ የማይጣፋ፣ ለኀዘን ጥለቱ ወደ ላይ የማይገለበጥ ነጠላ እናቶቻችን የሚያውቁት ነጠላ አይደለም። አቧራ በሚጠርግ ዘርፍ ላይ መስቀል ማሳረፍም በእኛ ዓይን የቦታ ስሕተት ነው።

የሙያው ዝና ግን ከአገር አልፏል። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም» የተባለውን ድርጅት ሲያቋቁሙ መነሻቸው ገበያ የራቃቸው የአዲስ አበባ ሸማኔዎች ነበሩ። በሥነ ልቡና ሙያ የሠለጠኑት ፍቅርተ አዲስም በእጅ የተሸመነውን ሸማ ይዘው ወደ ልብስ ንድፍ ገብተዋል።

በአገር ውስጥ ገበያ ግን ሌላ ፈተና አለ። የጥለት ሥዕል በፖሊስተር ጨርቅ ላይ በፋብሪካ ታትሞ ይገባል። ሳምንታት የፈጀ ንድፍ ከአንድ ፎቶግራፍ ተቀድቶ ለሚቀጥለው በዓል በርካሽ ይሸጣል። ልጆቿን ሁሉ ለበዓል ማልበስ ያለባትን እናት ርካሹን ገዛሽ ብለን አንወቅሳትም። በእጅ የተሸመነ ተብሎ ሲሸጥላት ግን መታለል ነው፤ ገልብጣ ትየው። የታተመው በውስጥ በኩል ይደበዝዛል፤ በተሸመነው ላይ የክሩ ጉዞ ከጀርባም ይታያል።

ንድፏ የተቀዳባት ባለሙያ ሌላ ትነድፋለች። ሸማኔው ግን የሚከፈለው ሠርቶ ባስረከበው ልክ ነው፤ ትእዛዝ የቀረበት ሰሞን ገቢውም የለም። በቀሚሱ አንገት ውስጥ በምትሰፋው ትንሽ ምልክት ላይ የንድፍ አውጪዋ ስም ይነበባል፤ የሸማኔውን ስም ግን ባገላበጥናቸው ቀሚሶች ላይ ፈልገን አላገኘንም።